ድንበር ላይ መቆም ወይስ መሀል ሆኖ መድረስ፦ በየተራ ለሚጫወቷቸው የጦር ጌሞች የምርጫ መመሪያ

ኮምቦልቻ እሠራለሁ፣ ደሴ አድራለሁ። በመካከሉ ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ፣ ሐረጎን በሚኒባስ መውጣትና መውረድ፣ የጌም ሰዓቴ ነው። ኔትወርክ ቢጠፋ ግድ የለኝም፤ ዩንሲቭ ያለ ዳታ ይሠራል፣ ስልኬ አሮጌ ቢሆንም አይከብደውም። ለማታውቁት፣ ሲቪላይዜሽን 5 የሚባለውን፣ ከተማ እየመሠረቱ ጦር የሚያዘምቱበትን የኮምፒዩተር ጌም ሕግ ተከትሎ የተሠራ ነፃ ጌም ነው።

አንድ የክረምት ጠዋት ጉም ሐረጎን ሸፍኖት ሹፌራችን መብራት አብርቶ በቀስታ ይወርዳል። እኔ ምሥራቁ ድንበሬ ላይ ስምንት ባለ ጦር እግረኞች ደርድሬ፣ አገሬ ሰላም ነው ብዬ ተዝናንቻለሁ። ጠላት በሰሜን መጣ። ስምንቱም ፊታቸውን አዙረው ኮረብታውን በዙር አንድ ቤት እየተሳቡ ሲያቋርጡ ሁለት ከተማ ሄደብኝ። (ቤት ስል እንደ ዳማው ነው፤ አንዷን የሰሌዳ ክፋይ ማለቴ ነው።) ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስንደርስ የቀረችኝ ዋና ከተማዬ ብቻ ነበረች።

ማታ ለእህቴ ልጅ ብነግረው ሳቀብኝ። የእሱ ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ድንበር ላይ ሰው አያቆምም፣ ያለውን ሁሉ ፈረሰኛ አድርጎ መሀል ያስቀምጣል። «ጋሼ፣ እኔ እደርሳለሁ እንጂ አልጠብቅም» ይላል። በሳምንቱ እሱም ተሸነፈ። ፈረሰኞቹ ደርሰው ነበር፤ ግን ከተማዋ ከተያዘች ከአንድ ዙር በኋላ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በሁለታችን ሽንፈት መካከል የትኛው የት እንደሚያዋጣ ስፈልግ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። በዚህ አገር የምንኖር ሰዎች ስለ ድንበርና ስለ ጦር ስናወራ የእውነቱንም አይተናል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የማወራው ስለ ሰሌዳው ብቻ ነው።

ከምርጫው በፊት ሁለት ቁጥር

አብዛኛው ተጫዋች ምርጫውን የጠባይ ጉዳይ ያደርገዋል። ጠንቃቃው ግንብ ይሠራል፣ ቸኳዩ ፈረስ ይገዛል። እኔም እንዲያ ነበርኩ። አሁን ግን ለእያንዳንዱ የድንበር ከተማ ሁለት ቁጥር ሳልይዝ አንድ ጦር አላሠለጥንም። የመጀመሪያው፣ ይህች ከተማ ማንም ሳይደርስላት ስንት ዙር ትቆያለች? ሁለተኛው፣ ደራሹ በስንት ዙር ይደርስላታል? መቆያና መድረሻ በሏቸው።

መቆያው ከመድረሻው ቢያንስ በአንድ ዙር ከበለጠ መሀል ያለ ደጀን ያዋጣል። እኩል ከሆኑ አያዋጣም። ለምን ቢባል፣ ደራሹ ብዙ ጊዜ እርምጃውን ጨርሶ ስለሚደርስ በደረሰበት ዙር መምታት አይችልም፤ ቆሞ ይደበደባል። የእህቴን ልጅ የበላችው ያቺ አንድ ዙር ናት።

መቆያን ለመገመት የጠላትን ብዛት አትቁጠሩ፤ ከተማችሁን ከስንት ቤት ሆኖ ሊመታ እንደሚችል ቁጠሩ። በዩንሲቭና በሲቪላይዜሽን 5 አንድ ቤት ላይ አንድ ተዋጊ ጦር ብቻ ነው የሚቆመው። ከተማዋ ስድስት ጎረቤት ቤቶች አሏት። ሦስቱ ተራራና ባሕር ከሆኑ፣ ጠላት ሃያ ባለ ሰይፍ ይዞ ቢመጣ በአንድ ዙር ተጠግተው የሚመቷት ሦስት ብቻ ናቸው። አደገኞቹ ከሁለት ቤት ርቀት የሚወረውሩት ናቸው፤ ለእነሱ ሁለተኛውን ቀለበትም ቁጠሩ። ከተማዋም ራሷ እስከ ሁለት ቤት ድረስ ስለምትተኩስ ዝም ብላ አትበላም። የከተማ ጤና 200 ነጥብ ነው፤ ግንብ ሲሠራላት 50 ይጨምራል፣ መከላከያዋም ከፍ ይላል። ደግሞም ከተማ የሚይዘው ተጠግቶ የሚዋጋ ጦር ብቻ ስለሆነ፣ ቀስተኛና ድንጋይ ወርዋሪ ጤናዋን ቢጨርሱት እንኳ አይገቡባትም። የጠላትን ባለ ሰይፍ ብቻ እየመረጡ መግደል አንዳንዴ ከአንድ ግንብ የበለጠ ጊዜ ይገዛል።

መድረሻ ቀላል ሂሳብ ነው፤ ሰው ግን አይሠራውም። ባለ ሰይፍ በዙር ሁለት እርምጃ አለው። ኮረብታ ሁለት እርምጃ ይበላል። ስለዚህ ስድስት ቤት ኮረብታ ማለት ስድስት ዙር ነው። መንገድ ከተሠራበት ግን ኮረብታው ይረሳና እያንዳንዱ ቤት ግማሽ እርምጃ ብቻ ይወስዳል፤ ያው ስድስት ቤት በሁለት ዙር ያልቃል። አራት እርምጃ ያለው ፈረሰኛ ደግሞ በአንድ ዙር ደርሶ አንድ እርምጃ ይተርፈዋል፤ ማለትም በደረሰበት ዙር ይመታል። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን የ600 ሜትር ቁልቁለት በእግር የወረደና በመኪና የወረደ ሰው ልዩነቱን በጉልበቱ ያውቀዋል።

ድንበሩን በሰልፍ መሙላት

ይህ የእኔ የድሮ መንገድ ነው፤ ስድብ ብቻ አይገባውም። መጀመሪያ ላይ፣ ሽፍቶች ከየጫካው በሚወጡበት ዘመን፣ ጥቂት ሰው በትክክለኛ ክፍተት ማቆም እርሻንና ሠራተኛን ያድናል። ቁም ነገሩ «በትክክለኛ ክፍተት» የሚለው ላይ ነው። ብዙዎች ቤት ሳይዘሉ ይደረድራሉ፤ ያ ገንዘብ መጣል ነው።

በእነዚህ ጌሞች እያንዳንዱ ጦር በዙሪያው ባሉት ስድስት ቤቶች ላይ ጥላ ይጥላል በሉ። ጠላት ያንን ጥላ ሲነካ እርምጃው ይያዛል። ግን አያያዙ ከጌም ጌም ይለያያል፤ ይህን ሳላውቅ ብዙ ተጎድቻለሁ። በኮምፒዩተር በሚጫወቱት ነፃ ጌም፣ በዌስኖት፣ ጥላ የነካ ሁሉ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ በሁለት ሰዎቻችሁ መካከል ሁለት ባዶ ቤት ብትተዉም በአንድ ዙር የሚያልፍ የለም። በዩንሲቭና በሲቪላይዜሽን 5 ግን ጥላ ውስጥ መግባት አያስቆምም፤ እርምጃን የሚጨርሰው በዚያው ሰው ጥላ ውስጥ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መሄድ ነው። ሁለት ባዶ ቤት ከተዋችሁ ብልጥ ጠላት በመሀሉ ገብቶ፣ የግራውንም የቀኙንም ጥላ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ ይወጣል። አንድ ባዶ ቤት ብቻ ከሆነ ግን ይያዛል።

በወረቀት ላይ ባለ ስድስት ጎን ቤቶችን ሥላችሁ ሞክሩት። ዳርና ዳሩ የተዘጋ የዘጠኝ ቤት ድንበር በዌስኖት በሦስት ሰው ይዘጋል፤ በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ8ኛው ቤት። በዩንሲቭ አምስት ሰው ይፈልጋል፤ በ1፣ 3፣ 5፣ 7 እና 9። አንድ ዓይነት ድንበር፣ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ወጪ። ዌስኖት የለመደ ሰው ዩንሲቭ ሲጀምር ድንበሩ ወንፊት የሚሆንበት ከዚህ የተነሣ ነው። ዌስኖትም ቢሆን ቀዳዳ አለው፦ ደረጃቸው ዜሮ የሆኑ ጦሮች ጥላ የላቸውም፣ ጥላን ችላ ብለው የሚያልፉ ተዋጊዎችም አሉ። በሲቪላይዜሽን 6 ደግሞ ፈረሰኛ ጥላ አይዘውም፤ እዚያ በፈረሰኛ ላይ በሰልፍ መመካት ከንቱ ነው።

የቆመ ሰው ጥቅም አለው። በሲቪላይዜሽን 5 ሕግ መሽጎ የተቀመጠ ጦር በመጀመሪያው ዙር 20 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 40 በመቶ መከላከያ ያገኛል። ከፊቱ ወንዝ ካለ ተሻግሮ የሚመታው 20 በመቶ ይዳከማል። ኮረብታ ላይ ከሆነ 25 በመቶ ሌላ። ይህ ሁሉ ግን ጠላት እሱን ከመረጠ ነው። የሰልፍ ትልቁ ድካም ይኸው ነው፤ ጠላት አራት ድንጋይ ወርዋሪ አንድ ቦታ ላይ ሲያከማች ከአምስቱ ሰዎቻችሁ ሦስቱ ቆመው ያያሉ። ደመወዛቸው ግን አይቆምም።

ጠባብ በር ካላችሁ

እዚህ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ካርታው ሐረጎን የመሰለ አንድ መውጫ ከሰጣችሁ ያዙት። ከሁሉ የሚሻለው ከተማውን ራሱን በሩ ላይ መመሥረት ነው። ካልሆነ ኬላ አሠሩ፤ ለሚቆምበት ጦር 50 በመቶ መከላከያ ይሰጣል። ታላቅ ጄኔራል ካገኛችሁና በሩ በእርግጥ የሞት የሽረት ከሆነ፣ ጄኔራሉን ሠውታችሁ አምባ ምሽግ ትሠሩበታላችሁ፤ አጠገቡ ዙሩን የጨረሰ ጠላት ሁሉ 30 ነጥብ ይቆስላል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ በሩ ላይ አንድ ሰው አታቁሙ፣ ሁለት ይሁኑ። የቆሰለው ከኋላው ካለው ጋር ቦታ ይለዋወጣል፤ በገዛ አገሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ በዙር 20፣ ከተማ ውስጥ ከገባ 25 ነጥብ ያገግማል። ከአገሩ ውጭ ያለው ጠላት የሚያገግመው 10 ነው። በዚህ ልዩነት ብቻ ሁለት ሰው አምስት ሰው ያደክማል።

መሀል ያለ ደጀን

አሁን የእህቴ ልጅ መንገድ ላይ ደረስን። እኔም ዛሬ ዛሬ ወደዚህ አዘንብያለሁ፤ ግን እሱ እንደሚያደርገው አይደለም።

ደጀን የሚያዋጣው ድንበሩ ረጅም ሆኖ ጠላት ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ነው። ሦስት የድንበር ከተማ ካላችሁና ለእያንዳንዷ አራት ሰው ብታቆሙ አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ ጠላት ሲመጣ ግን የሚዋጉት አራቱ ናቸው። በእያንዳንዷ አንድ ቀስተኛና ግንብ ትታችሁ አምስት ሰው መሀል ብታስቀምጡ በድምሩ ስምንት ሰው ነው፤ ጠላት የሚያገኘው ስድስት ይሆናል። ባነሰ ደመወዝ የበለጠ ቡጢ።

ወጪው ወደ መንገድ ይዞራል። በዩንሲቭ አንድ ቤት መንገድ በየዙሩ አንድ ወርቅ ይበላል፣ ሐዲድ ሁለት። ወደ አንዱ ከተማ አምስት ቤት፣ ወደ ሌላው ስድስት ቤት ከሠራችሁ አሥራ አንድ ወርቅ በየዙሩ ይወጣል። ይህን ሲያይ የሚደነግጥ ሰው አለ። ግን ከተማን ከዋና ከተማ ጋር ያገናኘ መንገድ የንግድ ገቢ ያመጣል፤ የከተማዋ ሕዝብ በበዛ ቁጥር ገቢውም ይበዛል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ መንገዶች ከጊዜ በኋላ ራሳቸውን ይከፍላሉ። ራሱን የማይከፍለው ከድንበሩ ጀርባ ጎን ለጎን፣ ከድንበር ከተማ ወደ ድንበር ከተማ የሚሄደው ነው፤ እኔ ግን እሱን ነው የምወደው። ሰሜን የተጠራ ደጀን ምሥራቅ ሲፈለግ ወደ መሀል ተመልሶ ሳይዞር በቀጥታ ይሻገራል። ከድንበሩ አንድ ወይም ሁለት ቤት ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ጠላት ሊያፈርሰው ሲመጣ ከተማችሁ ትተኩስበታለች። ማፍረሱ ቀልድ አይደለም፤ የሚያፈርስ ጦር ቁስሉም ይድንለታል፣ ደጀናችሁም ኮረብታ ላይ ይቀራል።

ወንዝን አትርሱ። በጌሙ ውስጥ ምሕንድስና የሚባለውን እውቀት እስክታጠኑ ድረስ መንገድ ቢኖርም ወንዝ መሻገር የቀረውን እርምጃ ሁሉ ይወስዳል። እኔ ይህን የተማርኩት እንደ ቦርከና በየመታጠፊያው ብቅ የሚል ወንዝ ባለበት ካርታ ላይ ነው። መንገዴን እያየሁ «ሁለት ዙር» ብዬ ቆጥሬ፣ ሦስት ጊዜ ወንዝ ተሻግሬ በአምስት ዙር ደረስኩ። ድልድይ ሳይኖር መድረሻን ስትቆጥሩ ለእያንዳንዱ ወንዝ አንድ ዙር ጨምሩ። ማሽነሪ የሚባለውን እውቀት ያጠና ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይደሰታል፤ የመንገዱ ዋጋ ከግማሽ ወደ ሲሶ እርምጃ ይወርድለታል፣ ባለ ሰይፉም በዙር ስድስት ቤት ይሮጣል።

ሲቪላይዜሽን 5 ውስጥ ኢትዮጵያን የመረጠ ሰው ይህን ሐሳብ በስሙ ያገኘዋል። ልዩ ጦሯ መሀል ሰፋሪ ነው፤ ለዋና ከተማው በቀረበ ቁጥር እስከ 30 በመቶ ይበረታል፣ በራቀ ቁጥር ያ ጉርሻ ይሟሟል። ስሙን አስቡት፦ መሀል የሰፈረ። እሱን ወስዶ ሩቅ ድንበር ላይ ማቆም ስሙንም ጉልበቱንም መካድ ነው። ሲቪላይዜሽን 6 ሲመጣ ደግሞ ነገሩን ገለበጡት። እዚያ ምኒልክ ይመራሉ፣ ጦራቸው ኮረብታ ላይ ሲዋጋ 4 ነጥብ ይጨምርለታል፣ የኦሮሞ ፈረሰኛው ኮረብታን እንደ ሜዳ ይራመደዋል። አንዷ ኢትዮጵያ መሀል ሆና ትጠብቃለች፣ ሌላዋ በኮረብታ ላይ ትሮጣለች። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ስልት የሚጫወት ሰው ከሁለት አንዱን እያባከነ ነው።

ለደሴ ሰው ደጀንን ለማስረዳት ግን ጌም አያስፈልግም ነበር። የአይጠየፍ አዳራሽ ባለቤት ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸው ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. መስከረም ከሥልጣን መውረዱን ሰምተው ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ። በሸዋ ወገን ራስ ልዑልሰገድ ቶራ መስክ ላይ ጠበቋቸው፤ ጦራቸው ተደመሰሰ፣ እሳቸውም ወደቁ። ሰሌዳውን ብቻ ለሚያይ ግንባሩ ተሰበረ፣ ጨዋታው አለቀ። ነገር ግን ንጉሡ ወዲያው አልገፉም፤ ፊታውራሪ ሀብተጊዮርጊስ በመልእክት እያዘናጉ ጦር ያሰባስቡ ነበር። በዚያ መሀል በተገኘው ቀን የሸዋ ጦር ደረሰ፣ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ንጉሡ ተሸንፈው ተማረኩ። የቶራ መስኩ ጦር መቆያ ነበር፤ ሰገሌ የደረሰው ደግሞ ደራሹ። የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩ በማን ወገን ሆነው እንደሚያወሩ ግልጽ ነው፤ ግን «ምነው ያኔ በገፉ ኖሮ» ሲሉ የሚቆጩት በዙሮቹ ነው።

የደጀን አደጋ እንግዲህ ሁለት ነው። አንደኛው ሁለት ግንባር በአንድ ጊዜ ሲከፈት ነው፤ ያኔ ደጀኑን ለሁለት አትክፈሉት። መቆያዋ አጭር ወደሆነችው ከተማ ሙሉውን ላኩ፣ ሌላዋ በግንቧ ትታገስ። ሁለተኛው ዘግይቶ ማየት ነው። ጠላት ከተማዋ አጠገብ ሲደርስ ያየ ሰው ሁለት ዙር አስቀድሞ አጥቷል። ስለዚህ ከድንበሩ ሦስት ቤት ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ አንድ ቃፊር አስቀምጡ፤ ርካሽ ነው፣ ቢሞትም ሥራውን ሠርቶ ነው።

በፖሊቶፒያ ሲሆን

በስልክ ከሰው ጋር ለመጫወት እኔና የእህቴ ልጅ ፖሊቶፒያን እንጠቀማለን፤ አጭር ነው፣ ቡናው አቦል ሲባል ጀምሮ በረካ ላይ ያልቃል። እዚያ ምርጫው ዓይን ለዓይን ይተያያል፦ ፈረሰኛውና ተከላካዩ ዋጋቸው ሁለቱም ሦስት ኮከብ ነው (ኮከብ የጌሙ ገንዘብ ነው)። ፈረሰኛው 10 ጤና፣ ሁለት ማጥቃት፣ አንድ መከላከል፣ ሁለት እርምጃ አለው፤ መትቶ መሸሽም ይችላል። ተከላካዩ 15 ጤና፣ አንድ ማጥቃት፣ ሦስት መከላከል፣ አንድ እርምጃ። አንድ ከተማ የሚይዘው የጦር ብዛት በደረጃው የተወሰነ ስለሆነ ሁለቱንም እንደልብ መግዛት አይቻልም።

እዚህ ከዩንሲቭ የሚለየው አንድ ሕግ ፍርዱን ይገለብጠዋል። በዩንሲቭ ጤናዋ ያለቀ ከተማ ባለ ሰይፉ በገባበት ቅጽበት ትያዛለች። በፖሊቶፒያ ግን ጠላት ከተማችሁ ውስጥ ቢቆምም የሚይዛት በሚቀጥለው ተራው ነው። አንድ ዙር በነፃ ተሰጣችሁ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ሁለት ፈረሰኛ መሀል አስቀምጦ የሚያሸንፈኝ በዚህች ዙር ነው፤ ከተማው ውስጥ የቆመውን ሰውዬን ከሁለት ጎን መትቶ ይሸሻል። ስለዚህ በፖሊቶፒያ ለውስጥ ከተሞች ፈረሰኛ፣ ለአንዲቷ የግንባር ከተማ ተከላካይ እላለሁ። ከተማዋ ሦስተኛ ደረጃ ስትደርስ ግንብ ወይም አምስት ኮከብ ምረጡ ትባላላችሁ፤ ግንብ ውስጥ የቆመ መከላከሉ በአራት ይባዛል፣ ያለ ግንብ ግን በአንድ ተኩል ብቻ። የግንባሯ ከተማ ከሆነች ግንቡን፣ የውስጥ ከሆነች ኮከቡን። እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ታዲያ እኔ ምን እይዛለሁ

ዩንሲቭ ስጀምር እስከ መጀመሪያው መንገድ ድረስ ሰልፍ፣ በአንድ ቤት ክፍተት። ደጀን ያለ መንገድ ስም ብቻ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ፈረሰኛ አልገዛም፤ ሜዳ ካርታ ካልሆነ በቀር። የመጀመሪያው መንገድ እንዳለቀ ከሰልፉ ግማሹን ወደ መሀል እመልሳለሁ፣ በተረፈው ደመወዝ ግንብ አሠራለሁ። ወንዝ የበዛበት አገር ከደረሰኝ ምሕንድስናን ከሌላው አስቀድማለሁ። ጠባብ በር ካለ በሩ ላይ ሁለት ሰው ለዘለዓለም ይቀራሉ፣ በየትኛውም ዘመን አላነሣቸውም። ከአሥር ዙር በላይ ያልተጠቃ ድንበር ላይ ሦስተኛ ሰው ካየሁ ደግሞ ያን ጠዋት ሐረጎ ላይ አስታውሼ ወደ ኋላ እጠራዋለሁ።

ሐዲድ ሲገባ ይህ ሁሉ ሂሳብ ይቀየራል። አንድ ቤት የእርምጃ አሥረኛ ብቻ ስለሚወስድ ሁለት እርምጃ ያለው ጦር ሃያ ቤት በአንድ ዙር ያቋርጣል፤ መድረሻ ለሁሉም ከተማ አንድ ዙር ይሆናል። ያኔ የምሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ በየድንበር ከተማዬ ገብቼ ሁለት ዙር መቆየቷን አረጋግጣለሁ። ሁለት ዙር የማትቆይ ካገኘሁ ግንቧ ላይ እጨምራለሁ እንጂ ሰው አልልክላትም።